ኢ! አይ! ዋይ! ከሲ እና ከጂ ጋር እንዴት እንደታረቅሁ

ስብሰባው በኦንላይን ነበር። 11 ሰው ገብቷል። ተራዬ ሲደርስ የጻፍኩትን ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ ማንበብ ጀመርኩ። «የሪፖርቱ ፍሬ ነገር» ለማለት የምታገለግል አንዲት አጭር ቃል አለች። ጂ፣ አይ፣ ኤስ፣ ቲ ተብላ ነው የምትጻፈው። በጽሑፍ ስንት ጊዜ ተጠቅሜባታለሁ። ጮክ ብዬ ስጠራት ግን የመጀመሪያዬ ነበር። «ዘ ጊስት ኦፍ ዘ ሪፖርት» አልኩ፣ ጂን እንደ ግ አድርጌ።

አለቃችን ማይኳን ከፈተች። «ይቅርታ፣ ዛሬ እንግዳ አለን እንዴ? ማነው የሚመጣው?»

እሷ የሰማችው «ጌስት» ነው፤ እንግዳ። ቃሏ ለካ «ጂስት» ናት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ግን ጆሮዬ ሲግል ይታወቀኝ ነበር። ካሜራዬ ዝግ መሆኑ በጀኝ።

ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ችግሬ ገባኝ። እንግሊዝኛ ወደኔ የገባው በዓይኔ እንጂ በጆሮዬ አይደለም። አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እረዳለሁ። አፌ ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱን ቃል በግምት ነው የምጠራው። ከሁሉም በላይ የሚያሳስቱኝ ሁለት ፊደላት ነበሩ፤ ሲ እና ጂ። ሁለቱም ሁለት መልክ አላቸው፤ የትኛውን መቼ እንደሚያሳዩ ደግሞ የነገረኝ የለም። ወይም ነግረውኝ አልሰማሁም።

እውነቱን ለመናገር ነግረውኛል። ተማሪ ሳለሁ አስተማሪያችን «ሀርድ ሲ» እና «ሶፍት ሲ» የሚባል ነገር ጠቅሶ አልፏል። ጠንካራ ሲ፣ ለስላሳ ሲ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ጠንካራ ሲባል የኛው ማጥበቅ መሰለኝ። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ መኖርን ይገልጻል። እንግሊዞችም ሲን አንዳንዴ ያጠብቁታል፣ አንዳንዴ ያላሉታል ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህ ድመት የሚለውን «ካት» ስጠራ ክ ላይ ተንጠልጥዬ ጉሮሮዬን አስጨንቀው ነበር። አንድ የክፍል ጓደኛዬ «አጥንት ተሰንቅሮብህ ነው?» ብሎኛል።

ምንም አይገናኝም። ጠንካራ ሲ ማለት ክ የሚል ሲ ነው። ለስላሳ ሲ ማለት ስ የሚል ሲ ነው። ጠንካራ ጂ ግ ይላል፤ ለስላሳ ጂ ጅ ይላል። በቃ። ጉልበት የሚጠይቅ ነገር የለውም። ክ እና ግ ስትሉ የምላሳችሁ ጀርባ ላንቃን ዘግቶ በድንገት ይለቃል። ስ ደግሞ እንደ ንፋስ ትንሸራተታለች። ጅ መሃል ላይ ናት፤ ተዘግታ ትጀምርና ተንሸራታ ትጨርሳለች። ሞክሩት፣ ይታወቃችኋል።

ሕጉ ደግሞ አጭር ነው። ከሲ ወይም ከጂ ቀጥሎ የቆመውን ፊደል እዩ። ኢ፣ አይ ወይም ዋይ ከሆነ ለስላሳ ነው። ሌላ ማንኛውም ፊደል ከሆነ፣ ወይም ቃሉ እዚያው ካለቀ፣ ጠንካራ ነው።

እነዚህን ሦስት ፊደላት በቃሌ ለመያዝ ብዙ ታግያለሁ። አንዴ ዋይን እረሳለሁ፣ አንዴ ኤ የሚባለውን ፊደል እጨምራለሁ። አንድ ቀን በተከታታይ ጮክ ብዬ ስጠራቸው ሳቄ መጣ። ኢ! አይ! ዋይ! ለቀስተኛ ነው የሚመስሉት። ከዚያ በኋላ ረስቻቸው አላውቅም። ሲ እና ጂ በተፈጥሯቸው ደረቆች ናቸው። ሦስቱ ለቀስተኞች ከፊታቸው ሲቆሙ ግን ልባቸው ይራራል፣ ድምፃቸው ይለሰልሳል። የልጅ ጨዋታ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከየትኛውም ሠንጠረዥ በላይ የሠራልኝ እሱ ነው።

ሕጉን ያመንኩት ሁለቱም መልኮች አንድ ቃል ውስጥ ሲገናኙ ካየሁ በኋላ ነው። «ሰርክል» የሚለውን ውሰዱ፤ ክብ ማለት ነው። ሲ፣ አይ፣ አር፣ ሲ፣ ኤል፣ ኢ። የመጀመሪያው ሲ አይን አየና ስ አለ። ሁለተኛው ኤልን አየና ክ አለ። «ኮንሰርት» ተቃራኒው ነው፤ ኦ ስለሚከተለው ክ ብሎ ይጀምራል፣ መሃል ላይ ኢ ስትመጣ ወደ ስ ይለወጣል። «አክሲደንት» ላይ ሁለት ሲ ጎን ለጎን ቆመዋል። የመጀመሪያው የሚያየው ወንድሙን ነው፤ ክ ይላል። ሁለተኛው የሚያየው አይን ነው፤ ስ ይላል። «አክሰስ»ም «ሰክሰስ»ም እንደዚያው ናቸው። እኔ ስንት ዘመን «አሲደንት» ስል ኖሬያለሁ!

ጂም እንዲሁ ነው። «ጂኦግራፊ» ስንል ሳናውቀው ሕጉን እየጠበቅን ነው፤ መጀመሪያ ኢ አለች፣ ጅ። ቀጥሎ አር አለ፣ ግ። «ጋራዥ» በግ ይጀምርና መጨረሻው ይለሰልሳል፤ በእንግሊዝኛ የመጨረሻውን አንዳንዱ ሰው ዥ፣ አንዳንዱ ጅ ይለዋል።

ለምን እነዚህ ሦስቱ ብቻ? ይኼ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። መልሱ ምላሳችን ላይ ነው ያለው። «ኢ» በሉና ያዙት። ምላሳችሁ ወደ ፊትና ወደ ላይ ሄዷል። አሁን «ኦ» በሉ። ወደ ኋላ ሸሸ። ክ እና ግ የሚፈጠሩት ከኋላ ነው። ስለዚህ «ኪ» ለማለት ምላስ ኋላ ትነሳና ወደ ፊት መሮጥ አለባት። ትውልድ በትውልድ ላይ ስትሮጥ ስትሮጥ፣ ድምፁ ራሱ አብሯት ወደ ፊት ይሳባል።

የፈረንጅ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወንድን «ሂድ» እንላለን። ሴትን ስናዝ ኢ እንጨምራለን፤ ግን «ሂዲ» የሚል የለም፣ «ሂጂ» ነው። ክፈት፣ ክፈቺ። ያዝ፣ ያዢ። ምረጥ፣ ምረጪ። ተመለስ፣ ተመለሺ። ኢ ስትመጣ እነዚህ ፊደላት ይለሰልሳሉ። ማንም አላስተማረንም፤ ትንሽ ሕፃን ራሱ ይለዋል። ከዚህም የባሰ አለ። በግዕዝ «ቤትኪ» የሚባለው በአማርኛ «ቤትሽ» ሆኗል። ክ ነበረች፤ ከኢ ጋር ስትኖር ስትኖር ሽ ሆና አረፈችው። ይኼን ያወቅሁ ቀን በእንግሊዝኛ ላይ ያለኝ ቂም ግማሹ ተነነ። ቤታችን ውስጥ ያለውን ጎረቤት ቤት ሳየው ነው እብደት ያልኩት።

እንግሊዝኛም ሲን እስከ ሽ ድረስ ይዞት ይሄዳል። «ኤሌክትሪክ»፣ «ኤሌክትሪሲቲ»፣ «ኤሌክትሪሽን» የሚሉትን ሦስት ቃላት ጻፏቸውና ተመልከቱ። ያው አንድ ሲ ነው። መጨረሻ ላይ ሲቆም ክ፣ አይ ስትከተለው ስ፤ አይን ተከትሎ ሌላ አናባቢ ሲደረብ ደግሞ ሽ። «ስፔሻል» እና «ሶሻል» ላይም በሲ የሚጻፈው ይኸው ሽ ነው። አጻጻፉ ያልተለወጠው ዘመድነታቸው እንዲታይ ነው። ለጆሮ አይመችም፤ ለዓይን ግን ይመቻል። እኔ በዓይን የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ይኼን ወድጄላቸዋለሁ።

የጥንቱን ድምፅ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሮማውያን ላቲን ሲጽፉ ሲ ሁልጊዜ ጠንካራ ነበር፤ የግሪኮቹ ካፓም እንደዚያው። ያንን ጥንካሬ አማርኛ በቅ ይዞት ቀርቷል። እኛ «ቄሳር» እንላለን፤ እንግሊዝኛው «ሲዘር» ይላል። እኛ «ቆጵሮስ»፣ እነሱ «ሳይፕረስ»። እኛ «ቄርሎስ»፣ እነሱ «ሲሪል»። ጂ ላይ ደግሞ «ጊዮርጊስ» አለልን። ሁለት ጠንካራ ግ። እንግሊዝኛው «ጆርጅ» ብሎ ሁለቱንም አለስልሷል፣ ምክንያቱም ሁለቱንም ጂ ኢ ትከተላቸዋለች። «ወንጌል» እና «ኢቫንጀሊስት»ም ከአንድ የግሪክ ቃል የወጡ ናቸው። ጠንካራው እኛ ጋ አለ፣ ለስላሳው እነሱ ጋ።

ላቲን ወደ ፈረንሳይኛ ሲለወጥ ነው ድምፁ የለሰለሰው። ጣሊያንኛም አለስልሷል፣ ግን ወደ ቸ ነው የወሰደው። ለዚህ ነው «ካልቾ» የምንለው፣ «ቼሎ»ም የምንለው። ከዚያ በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበሩና ቃላታቸውንም የአጻጻፍ ልማዳቸውንም ይዘው ገቡ። የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። የቀድሞው እንግሊዝኛ «ኪንግ»ን በሲ ነበር የሚጽፈው። አዲሶቹ ጸሐፊዎች ግን «ሲ ከኢ እና ከአይ ፊት ከቆመ ስ ተብሎ ሊነበብ ነው» ብለው ቦታውን ለኬ ሰጡት። «ኪስ»፣ «ኪፕ»፣ «ኪችን» ሁሉ እንዲህ ነው ኬ ያገኙት። «ካት» በሲ ተጽፎ ግልገሏ «ኪተን» በኬ የምትጻፈውም ለዚሁ ነው። በሲ ብትጻፍ «ሲተን» ትሆን ነበራ!

የእህቴ ልጅ 10 ዓመቷ ነው። አንድ ቀን የቤት ሥራዋን ስትሠራ ይኼን ሁሉ ዘረዘርኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«አጎቴ፣ ሲ ክ ካለ ኬ አለልን። ስ ካለ ኤስ አለልን። ታዲያ ሲ ሥራው ምንድነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። «ከኤች ጋር ሆኖ ቸ ይላል» ብዬ ለማምለጥ ሞከርኩ። ከአፌ ሳይወጣ ራሴን ታዘብኩ፤ ሲ ኤችም «ኬሚስትሪ» ላይ ክ ነው፣ «ሼፍ» ላይ ሽ ነው።

ነገሩን ካነበብኩ በኋላ ተመልሼ መልሱን ሰጠኋት። አበገደ የሚለውን የፊደል ቅደም ተከተል ታውቀዋለች። «አ፣ በ፣ ገ፣ ደ በይ» አልኳት። አለች። «አሁን የእንግሊዝኛውን።» «ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ።» ከዚያ ቆመች። ሦስተኛዋ ላይ እኛ ገ አለን፣ እነሱ ሲ አላቸው። ስህተት አይደለም። የኛ ገ፣ የግሪኮቹ ጋማ እና የሮማውያኑ ሲ የአንድ አያት የልጅ ልጆች ናቸው። ሮማውያን ለረጅም ጊዜ ክንም ግንም በዚሁ በአንዱ ሲ ይጽፉ ነበር። ኋላ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ፣ ሲ ላይ አንዲት ጭረት ጨመሩና ለግ የራሱን ፊደል ሠሩለት። ጂ ማለት እሱ ነው። «ጋይዮስ» የሚለውን ስም ሲያሳጥሩ ግን ከድሮው ልማድ ሳይላቀቁ በሲ መጻፋቸውን ቀጠሉ።

ልጅቱ እርሳሷን አነሳች። ደብተሯ ጠርዝ ላይ ትልቅ ሲ ጻፈች። አየችው። ከዚያ ታችኛው ጫፉ ላይ ጭረት ጨመረች። «ውይ! እውነትም!» አለች። ሲ እና ጂ ለምን አብረው እንደሚራሩ፣ አብረው እንደሚደርቁ ያን ጊዜ ለሁለታችንም ግልጽ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉ ሰላም ነው። አሁን ወደ መጥፎው ዜና።

ሲ የሚታመን ፊደል ነው። ቃሉን የሚያጥፍባቸው ጥቂት አፈንጋጮች ብቻ ናቸው፤ ጂ ግን ቃሉን አይጠብቅም። ያውም የሚከዳችሁ በሩቅ ቃላት አይደለም፣ በየቀኑ በምትሏቸው ነው። ጌት፣ ጊቭ፣ ገርል፣ ጊፍት፣ ቢጊን፣ ፎርጌት፣ ታይገር፣ ታርጌት። ሁሉም ጋ ለቀስተኛ አለ፤ ጂ ግን ፍንክች አላለም። ምክንያቱ ዘር ነው። ብዙዎቹ በፈረንሳይኛ በኩል የመጡ አይደሉም። «ጌት» እና «ጊቭ» ጠንካራ ግ የያዙት ከሰሜን በመጡት ቫይኪንጎች ቋንቋ ምክንያት ነው። የጥንቱ እንግሊዝኛ ራሱ ከእነዚህ አናባቢዎች ፊት ግ የሚለውን ድምፅ ወደ የ ለውጦት ነበር፤ «የሎ» እና «ይር» የሚሉት ቃላት በጂ ይጻፉ የነበሩ ናቸው።

እኔ የምጠቀምበት ብልሃት ይኼ ነው። ቃሉ አጭር፣ የጓዳ፣ የእጅና የእግር ሥራ የሚመስል ከሆነ መጀመሪያ በግ እሞክረዋለሁ። ረጅምና የመጽሐፍ ሽታ ያለው ከሆነ በጅ። ጄነሬሽን፣ ኢማጂኔሽን፣ ሎጂክ፣ ኤነርጂ። ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሁልጊዜ አይሠራም። ያቺ ያዋረደችኝ «ጂስት» አጭር ሆና ከፈረንሳይ የመጣች ናት። «ጋይኒኮሎጂ» ደግሞ ረጅምም የመጽሐፍም ሆኖ ከዋይ ፊት በግ ይጀምራል፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ ያው ዋይ ስትመጣ ጅ ይላል። እንደዚህ ያለውን ቃል ከማስረዳት መሸምደድ ይሻላል።

ኤን እና ጂ አንድ ላይ ሲሆኑ ልዩ ትኩረት ይፈልጋሉ። ጣት የሚለው «ፊንገር» ላይ ግ በደንብ ይሰማል። አደጋ የሚለው «ዴንጀር» ላይ ጅ ነው። ዘፋኝ የሚለው «ሲንገር» ላይ ግን ግ ጭራሽ አይሰማም፤ አፍንጫ ውስጥ ይቀልጣል። የሦስቱም መጨረሻ ሲጻፍ አንድ ዓይነት ነው። «ሲንግ» ብላችሁ ግን ግዋን ሳትለቁ፣ በአፍንጫችሁ ይዛችሁ፣ «ኧር» ጨምሩ። መጀመሪያ ያስቃል።

ሌላ ውርደቴንም ልናገር። ማዕዘን ወይም አቅጣጫ የሚለው «አንግል» እና መልአክ የሚለው «ኤንጀል» በፊደል የሚለያዩት መጨረሻቸው ላይ ብቻ ነው። መልአኩ ጋ ከጂ ቀጥሎ ኢ፣ ከዚያ ኤል። ማዕዘኑ ጋ መጀመሪያ ኤል፣ ከዚያ ኢ። እኔ በኢሜይል «ጉዳዩን ከዚህ መልአክ አንጻር እንየው» ብዬ ለስድስት ሰው ልኬያለሁ። ማረሚያው ፕሮግራም ምን ያድርግ፣ መልአክም ትክክለኛ ቃል ነው። ሕጉን ሳውቅ ግን ጸድቷል። ጅ ከሰማሁ ጂ ኢን ማየት አለበት። ግ ከሰማሁ የሚያየው ኤልን ነው። ከዚያ ወዲህ መልአክ ልኬ አላውቅም።

አሁን የአጻጻፉን ጣጣ እንይ። ድምፅ የሌላቸው ፊደላት ለምን ቃል ውስጥ እንደሚጎለቱ ያልገባው ሰው ካለ፣ እዚህ ላይ ብዙው ይፈታለታል። እንግሊዝኛ ሲን ወይም ጂን ለስላሳ አድርጎ ማቆየት ሲፈልግ ለቀስተኛ ቀጥሮ ያቆማል። ጨርቅ የሚለው «ራግ» ላይ ኢ ጨምሩበት፣ «ሬጅ» ይሆናል፤ ቁጣ። እቅፍ የሚለው «ሃግ» ላይ ጨምሩበት፣ «ሂዩጅ»፤ ግዙፍ። ኢዋ ራሷ አትሰማም። የቆመችው ለጂ ስትል ነው።

ለዚህ ነው «ማኔጅ» ላይ «ኤብል» ሲቀጠል ኢ የማትነሳው። እኔ ግን አነሳት ነበር። ማረሚያው በቀይ ሲያሰምርብኝ እናደድ ነበር፤ «ላቭ» ላይ ሲሆን ኢን አንሳ ትላለህ፣ እዚህ ሲሆን ተው ትላለህ! ምክንያቱ ቀላል ነው። ኢ ከተነሳች ጂ የሚያየው የ«ኤብል»ን ኤ ይሆናል፣ ይደርቃል። «ኖቲስ» ላይ «ኤብል» ሲጨመርም እንዲሁ። «ኬሬጅ» ላይ «ኧስ» ሲጨመርም እንዲሁ።

ተቃራኒውም አለ። ጂ ጠንካራ ሆኖ እንዲቆይ ከተፈለገ በእሱና በለቀስተኛው መሃል ዩ ትገባለች፣ እንደ መጋረጃ። ጌስ፣ ጋይድ፣ ጊታር፣ ሊግ፣ ቬግ። ዩዋን አትጥሯት፤ ሥራዋ መጋረድ ብቻ ነው። ያን ቀን አለቃዬ የሰማችው «ጌስት» ውስጥም ይህቺው ዩ አለች። እኔ ያነበብኩት ቃል ውስጥ የለችም። ዩ የለም፣ አይ አለ፤ ስለዚህ ጅ። ፊደሎቹ መልሱን ፊት ለፊቴ አስቀምጠውልኝ ነበር። («ፔንግዊን» እና «ላንጉዌጅ» ላይ ግን ዩዋ ትሰማለች። ሰላም የለም አልኳችሁ።)

ሲ ደግሞ ለዚሁ ሥራ ኬን ነው የሚጠራው። «ፓኒክ» ወደ ኃላፊ ጊዜ ሲሄድ ኢ እና ዲ ይጨመርበታል። ኢ ሲን እንዳታለሰልሰው መሃላቸው ኬ ይገባል። «ፒክኒክ» እና «ትራፊክ»ም «ኢንግ» ሲጨመርባቸው እንደዚያው ኬ ያገኛሉ። ይኼን ለእህቴ ልጅ ስነግራት «ኬ ዘበኛ ነው» አለች። ከኔ መጋረጃ የሷ ዘበኛ ይሻላል።

እሷው ናት አፈንጋጮቹን እየለቀመች የምታመጣልኝ። አንድ ቀን «ሶከር» የሚለውን ጽፋ መጣች። «አጎቴ፣ እንደ አክሲደንት ከሆነ ሶክሰር መባል ነበረበት» አለች። ልክ ናት። ቃሉ «አሶሲዬሽን» ከሚለው ተቆርጦ የወጣ አጠራር ነው። አጥረው ሲጠሩት ሲ ጠንካራ ሆነ፣ በዚያው ቀረ። «ሴልቲክ»ም እንዲሁ ያጨቃጭቃል። የእግር ኳስ ክለቡ በስ ነው፤ ሕዝቡንና ቋንቋዎቹን ስንጠራ ግን «ኬልቲክ» ነው የሚበዛው። «ማርጀሪን» ላይ ደግሞ ጂ ኤ የሚባለውን ፊደል እያየ ይለሰልሳል፤ ለዚህ ምንም ሰበብ አልፈልግለትም።

ከአፈንጋጮች ሁሉ ታዋቂው በየስልኩ የምንላላካት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ናት። ጂ፣ አይ፣ ኤፍ። ጊፍ ወይስ ጂፍ? ስቲቭ ዊልሃይት የሚባል ሰው በ1987 ኮምፒውሰርቭ በተባለ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ ነው የፈጠራት። በ2013 ለኢንተርኔት ሥራዎች የሚሰጠውን የዌቢ ሽልማት ሲቀበል አጠራሩ በጅ መሆኑን አሳውቋል። ግማሹ ዓለም አልሰማውም። «ጊፍት» ላይ ግ አይደለም ወይ የምንለው? ብለው ተከራከሩ። መዝገበ ቃላቶቹ ሁለቱንም ተቀብለዋል። እኔ ጂፍ ባይ ነኝ። አይ እያለ የማይራራ ጂ አይመቸኝም።

ልምምዱን በአጭሩ ልንገራችሁ። በቀን አንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አተምኩ። ሲ እና ጂን ሁሉ አከበብኩ፤ ጠንካራ የመሰለኝን በቀይ፣ ለስላሳ የመሰለኝን በሰማያዊ። መጀመሪያ መገመት፣ ከዚያ ማረጋገጥ ነው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፤ ቀድማችሁ ካዳመጣችሁ ጭንቅላታችሁ አይሠራም። ለማረጋገጥ የኦንላይን መዝገበ ቃላት ከፍቼ የድምፅ ማጉያዋን ምልክት እነካለሁ። የተሳሳትኳቸውን ብቻ ለይቼ ጻፍኩ። ሲ ላይ የተሳሳትኩት በጣም ጥቂት ነበር። የጂ ዝርዝር ግን አንድ ገጽ ሞላ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙም አላደገም። ያው ቃላት ናቸው የሚመላለሱት።

ሁለተኛው ነገር ድምፄን በስልክ መቅዳት ነው። ራሴን መስማት አስጠልቶኝ ነበር። ግን ሳነብ ትክክል ያልኩ የመሰለኝ ቃል ቅጂው ላይ ሌላ ሆኖ አገኘዋለሁ። አፍ ልማዱን አይተውም። እንደ አዲስ የምታገኙትን ቃል ቢያንስ አንዴ ጮክ ብላችሁ ሳትጠሩት አትለፉት። እኔ «ጂስት»ን ለዓመታት በልቤ ብቻ ሳነባት ነው ጊስት ሆና የደነደነችው።

አሁንም እሳሳታለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ለእህቴ ልጅ ሳነብላት ረጅም ዕድሜን የሚገልጽ ቃል ገጠመኝ። ኤል፣ ኦ፣ ኤን፣ ጂ፣ ከዚያ ኢ። እኔ መጀመሪያው ላይ «ሎንግ» የሚለውን የማውቀውን ቃል ስላየሁ ሳልጠራጠር «ሎንጌቪቲ» አልኩ። ልጅቱ ከወረቀቱ ላይ ቀና አለች።

«አጎቴ፣ ኢ አለች እኮ።»

መዝገበ ቃላቱን ከፈትን። «ሎንጄቪቲ» አለን። ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ምልክቷን ሦስት ጊዜ ነካችው፣ እኔ እንድሰማ።